አጎበር ሳትሰቅይ እንዳታድሪ

ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.
ነፋስ መውጫ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቡሬም ወልዳለች። ስልክ ላይ ገና «አጎበር» ስል «እሺ አባዬ» ብለሽ ወሬ ስለምትቀይሪብኝ ይኸው ጻፍኩት።

የቤት ጓደኛሽ ለእናትሽ ደውላ ሁሉንም ነግራታለች። እንዳትቆጫት፣ ስላሰበችልሽ ነው። ትንኝ ያባርራል ብለሽ ሎሚና ጤና አዳም ጨምቀሽ ክንድሽን ተቀብተሽ ፀሐይ ላይ ብትውዪ ውሃ ቋጠረ አሉ። ድመቷንም ለቁንጫ ብለሽ በባሕር ዛፍ ዘይት አሽተሻት ለሃጯ ሲዝረበረብ፣ ስትንቀጠቀጥ አደረች። ከሁሉ የባሰብኝ ግን ቅባቱን ተማምነሽ አጎበሩን ሻንጣ ውስጥ መክተትሽ ነው። ልጄ፣ ያለሽው እኮ አርባ ምንጭ ነው፣ አባያና ጫሞ አፍንጫ ሥር፣ ያውም በወባ ወር! አጎበር ሳትሰቅይ እንዳታድሪ።

ሎሚና ጤና አዳም ቆዳ ላይ እያሉ ፀሐይ ካገኛቸው እንደ እሳት ይልጣሉ፤ ጥቁር ምልክቱም ቶሎ አይለቅም። ክንድሽ እስኪሽር እጅጌ ያለው ልበሽ፣ የቋጠረውን አታፍርጪው።

መቀባቱን ከወደድሽው የእናትሽን አሠራር ያዢ። ጠጅ ሳሩን አጥበሽ ጥላ ላይ አድርቂና አድቅቀሽ ክተፊው። አንድ እፍኙን በብርጭቆ የኑግ ዘይት ውስጥ ነክረሽ ዕቃውን የፈላ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አስቀምጪ። አንድ ሰዓት ያህል በቀስታ ይሙቅ እንጂ ዘይቱ እንዳይፈላ። በንጹሕ ሻሽ አጥልይው። መጀመሪያ ክርንሽ ውስጥ ጠብ አድርገሽ እስከ ነገ ጠብቂ፤ ካላሳከከሽ እጅና እግርሽን ተቀቢው። ዓይንና አፍ፣ ቁስልም እንዳታስነኪው። ሲመሽ በረንዳ ላይ ለመቀመጥ ይረዳል፤ ግን ሰዓት ሳይሞላው ይደክማል፣ ትንኟ ደግሞ ሌሊቱ የእሷ ነው። ለእንቅልፍ አጎበር ነው።

እናትሽ የጠላ ጋን የምታጥንበትን ጥንጁት ቋጥራልሻለች፣ ሹፌሩ ያደርስልሻል። ሲመሽ ደጅ ከሰል ላይ ጣል አድርጊው። ከሰሉን ቤት አስገብተሽ ዘግተሽ እንዳትተኚ፣ ይገድላል።

ስለ ጭስ ካነሳሁ አንድ ነገር ልንገርሽ። ልጅ ሆነሽ ያቺ መደርደሪያ ላይ ያለችው ሬዲዮ ለምን እንደማትከፈት ስትጠይቂኝ «ተበላሽታለች» እልሽ ነበር። አልተበላሸችም። በ1992 ዓ.ም. ከአጎትሽ ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ስንወርድ አያትሽ ለአጎበር መግዣ ብለው ብር አስጨበጡኝ። እሳቸው በልጅነታቸው የ1951ን ወባ ያዩ ናቸው፣ ያንን በአገራችን 150,000 ያህል ሰው የጨረሰውን። እኔ ጎንደር ስንደርስ በብሩ ሬዲዮ ገዛሁ። «ጭስ ይበቃናል» አልኩት። ታናሼ ነው፣ አመነኝ።

ማታ ማታ ኩበት እያጨስን ዘፈን እንሰማለን። እሳቱ ሲጠፋ እኛ ደክሞን ተኝተናል። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት የነቃሁት በጥርሱ መንገጫገጭ ነው። በዚያ ሙቀት የእኔንም ጋቢ ደርቤለት «በረደኝ» ይላል። ድካም ነው ብዬ ሁለት ቀን አቆየሁት፤ ሁለት ቀን ሙሉ! በትራክተር ተጎታች ጭነን ሐኪም ጋ ስናደርሰው ስሜን አያውቀውም ነበር። እሱን እዚያው ቀብሬ ሬዲዮዋን ይዤ ቤት ገባሁ። አያትሽ ስለ ብሩ እስከ ዛሬ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ከእናትሽ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እሳቸው ፊት እንዳታነሺው።

ስለዚህ ትኩሳት ወይ ብርድ ብርድ ካለሽ «ድካም ነው» እንዳትዪ። በዚያው ቀን ደምሽን ተመርመሪ። መድኃኒት ከሰጡሽም ቢሻልሽ እንኳ ጨርሺው።

ድመቷን ዘይቱ እስኪለቅ ለስላሳ ሳሙና ባለው ለብ ያለ ውሃ እጠቢያትና ለእንስሳት ሐኪም አሳያት። ድመት ገላዋን ስለምትልስ የቀባሻት ሁሉ ሆዷ ነው የሚገባው። ከእንግዲህ ዘይት የሚባል አይንካት። ቁንጫዋን በጥርሰ ቀጭን ማበጠሪያ አበጥሪና ሳሙና ውሃ ውስጥ ድፊው። ውሻውንም እንዲሁ፤ መዥገሩን ከሥሩ በወረንጦ ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ንቀይው። ላምባ እንዳትቀቢው፣ ነጭ ሽንኩርትም እንዳታበይው፣ ለውሻ መርዝ ነው። የሚተኙበትን ጨርቅ በፈላ ውሃ አጥበሽ ፀሐይ ላይ አስጪው።

የውሃ በርሜሉን ክደኚ። ጓሮ የወደቀ ጣሳና ጎማ ውሃ እንዳይዝ በየሳምንቱ ድፊ፣ ትንኝ እዚያ ነው የምትፈለፈለው።

የኔ እመቤት፣ ተቆጣሁ ብለሽ እንዳትከፊ። አጎበሩን ዛሬውኑ ሰቅለሽ ጫፉን ፍራሹ ሥር ወትፊና በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። አራቱም ጥግ ይታየኝ።

አባትሽ