ማኔክ ቾክ የሚከፈተው ማለዳ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ሕንዷ አሕመዳባድ ሞሎችና ባዛሮች ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለቴ አነበብኩት፤ መጀመሪያ በናፍቆት፣ ቀጥሎ በንዴት። ከ2015 እስከ 2018 (ቀኖቹንም ዓመታቱንም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በዚያች ከተማ ተማሪ ስለነበርኩ ብዙውን ነገር ታዝቤ ባልፈውም አንዱን ዓረፍተ ነገር ግን ማለፍ አቃተኝ። ዘጋቢያችሁ የማኔክ ቾክ አደባባይ «ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል የሚከፈት» የምግብ ገበያ ነው ይላል፤ በዚህም ላይ ተመሥርቶ ባዛሩ ለመዝናኛነት ብቻ እንደቀረና ሕዝቡ የሚሸምተው ከሳባርማቲ ወንዝ ማዶ፣ በምዕራቡ የከተማዋ ክፍል ካሉት ሞሎች እንደሆነ ይደመድማል። ሰዓቱስ ልክ ነው። በዚያ ሰዓት የሚጀምረው ግን የገበያው ሦስተኛ ፈረቃ ነው።

ያው አደባባይ በማለዳ የአትክልት ተራ ነው። ረፈድ ሲል የወርቅና የብር ነጋዴዎች ሱቆቻቸውን ይከፍታሉ፤ በ1894 የተቋቋመውና በዕድሜ ከቦምቤይ ቀጥሎ ይቆጠር የነበረው የአክሲዮን ገበያም አሮጌ ሕንፃው እዚያው ነው። ፓቭ ባጂ (በዳቦ የሚበላ የአትክልት ወጥ) እና ኩልፊ (የሕንድ አይስክሬም) የሚሸጡት ጋሪዎች የሚደረደሩት ወርቅ ቤቶቹ ከተዘጉ በኋላ፣ በእነሱው ደጃፍ ላይ ነው። አደባባዩ የተሰየመበት ማኔክናት የተባለ ባሕታዊ፣ ሱልጣን አሕመድ ሻህ በ1411 የቆረቆራት ከተማ ቅጥሯ ሲገነባ ቀን ቀን ምንጣፍ እየሠራ ሌሊት ይተረትረው ነበር፤ ምንጣፉ በተተረተረ ቁጥርም ቀን የተገነባው ቅጥር ይፈርስ ነበር ይባላል። የእናንተ ዘጋቢ ከባሕታዊው የሚለየው ቀን የተሠራውን ጨርሶ ባለማየቱ ነው።

ነገሩ የሰዓት ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ። ማለዳው ሲሰረዝ ግን አብረው የሚሰረዙት አትክልት ሻጮቹ ሴቶች ናቸው። በ1972 በኢላ ባት መሥራችነት እዚያው አሕመዳባድ የተቋቋመው ሴዋ የተባለው የሴት ሠራተኞች ማኅበር ስለ ማኔክ ቾክ አትክልት ሻጮች እስከ ሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተሟግቷል። በ2014 የወጣው የጎዳና ነጋዴዎች ሕግ ደግሞ፣ በየከተማው የመሸጫ ቦታ ጉዳይ የሚታይበት ኮሚቴ ቢያንስ 40 በመቶው ከራሳቸው ከነጋዴዎቹ፣ ከእነዚህም ሲሶው ከሴቶች እንዲመረጥ ያዛል። ስለ ሞሎቹ ማቀዝቀዣና ተንቀሳቃሽ ደረጃ ሁለት ረጃጅም አንቀጾች የጻፈ ሰው፣ ተቀምጠው የሚሸጡበትን መሬት በክርክር ላስከበሩ ሴቶች አንድ መስመር መንፈጉ ያስተዛዝባል።

ማቀዝቀዣውን ግን አላጣጥልም። ግንቦት 20 ቀን 2016 በአሕመዳባድ ሙቀቱ 48 ዲግሪ ሲደርስ እኔም እንደ ብዙው ሰው ሞል ገብቼ፣ ምንም ሳልገዛ፣ እስኪመሽ ተቀምጫለሁ። ንጹሕ መጸዳጃ ቤት ያለውም እዚያ ነው። ዘጋቢው የሞሉን ደንበኞች ብዛት የመዘገበው እንዲህ ባለ ቀን ከሆነ፣ ከመሐላቸው ስንቱ ገዢ ስንቱ በርዶት የሚወጣ እንደሆነ ቢጠይቅ ደግ ነበር። «በሞል ዋጋው ቁርጥ ነው» የሚለውም ቢሆን፣ በሕንድ የታሸገ ዕቃ ሁሉ ከፍተኛው የችርቻሮ ዋጋ በሕግ እንዲታተምበት ስለሚገደድ፣ ሳሙናውን ከሞልም ግዙት ከጉልት ከታተመበት በላይ ማንም ሊያስከፍላችሁ አይፈቀድለትም። ክርክሩ ያለው ባልታሸገው ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ሞሉ ምርቃት አያውቅም።

ኅዳር 8 ቀን 2016 ማታ ጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ የ500 እና የ1000 ሩፒ ኖቶች ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እንደማይሠሩ በቴሌቪዥን ሲናገሩ፣ በኪሴ የነበረው ሁለት ባለ 500 ኖት ብቻ ነበር። የሞሉ ሱፐርማርኬት በካርድ ይሸጣል፤ እኔ ግን ካርድ አልነበረኝም። በየባንኩ ደጃፍ ሰልፉ መንገድ ዘግቶ በሰነበተበት ጊዜ የአብሽ ቅጠል፣ ሽንኩርትና ቃሪያ እየመዘኑ በዱቤ የሰጡኝ፣ ማሲ (አክስቴ እንደማለት ነው) እያልን የምንጠራቸው የማኔክ ቾክ አትክልት ሻጭ ነበሩ፤ ዱቤውንም በወረቀት አላሰፈሩትም። ገንዘብ አግኝቼ ስከፍላቸው አንድ እስር ድንብላል መረቁልኝ። «ዘመናዊ የግብይት ሥርዓት» ለተባለው ነገር የእኔ ማስረጃ ይህ ነው።

በሌላ ቀን ከዚያው ከገበያ የገዛሁትን ጎመን በፌስታል አንጠልጥዬ ወደ አንድ ሞል ስገባ፣ ጥበቃው ቦርሳዬን ሁለት ጊዜ በረበረ፣ መታወቂያዬን ጠየቀ፣ ጎመኑንም ውጭ አስቀምጥ አለኝ። ከፊቴና ከኋላዬ የነበሩት አንድ ጊዜ ብቻ ተፈትሸው ገቡ። ባዛሩ ውስጥም ያፈጠጠብኝ ሰው ሞልቶ ነበር፤ የመጀመሪያው ሰሞን ዋጋ የጨመሩብኝም አልጠፉም። እነሱ ግን «ሲዲ ነህ?» ብለው ይጠይቁኛል። ሲዲ ማለት ዛሬም በጉጃራት የሚኖሩት የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎች መጠሪያ ነው። ለዘገባችሁ ማሳመሪያ ያወጣችሁት ፎቶ፣ በዛፍ አምሳል የተፈለፈለው የድንጋይ መስኮት፣ የሲዲ ሰይድ መስጊድ ነው፤ በ1573 ያሠራውም ሐበሻ ነው። የአሕመዳባድ ቸርቻሪ ያልሳተውን ነገር የአማርኛ ጋዜጣ በፎቶው ግርጌ «የጥንት ጥበብ» ብሎ ማለፉን ምን ልበለው?

ስለዚህ ሁለት እርማት እጠይቃለሁ፤ አንዱ ለሰዓቱ፣ ሌላው ለፎቶው መግለጫ። ዘጋቢው ተመልሶ የሚሄድ ከሆነም አትክልት ሻጮቹን የሚያገኛቸው ፀሐይ ሳይከር ነው። ዝርዝር ገንዘብ ቢይዝ ጥሩ ነው፤ ካልያዘም ዱቤ ይጠይቅ።

የቀድሞ የአሕመዳባድ ተማሪ
ከአዲስ አበባ