አባዬ፣ በሩን ዘግተው ብቻዎን አይጀምሩት

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ትልቋ ልጄ መዝሙረ ዳዊትን ያለ ረዳት ማንበብ ጀምራለች፤ ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቆ፣ ለአያቴ ሳላሳይ አይጣልም ብሎ በወረቀት ጠቅልሎ አስቀምጦታል። ጸሎት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎትና እነርሱንም በዚያው መንገድ አስተምራቸዋለሁ።

ከመጪው እሑድ ጀምሮ መጠጡን እርግፍ አድርገው ለመተው፣ ለዚህም ክፍልዎን ዘግተው በጾምና በጸሎት ለመቆየት መወሰንዎን ወንድሜ ነገረኝ። ዘመኔን ሁሉ የለመንኩት ነገር ነውና አለቀስሁ፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ለዓመታት በየዕለቱ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፤ በ2 ቀን ውስጥ እንደሚጥል በሽታ አድርጎ ሊጥለው ይችላል፤ ከዚያም በኋላ አእምሮው ተምታቶ የሌለ ነገር ሊያይ፣ ካልታከመም ሊሞት ይችላል። ከበሩ ውጭ ሆኖ ጩኸትዎን የሚሰማ ሰው ከክፉ መንፈስ ጋር እየታገሉ ነው ብሎ ጸሎቱን ያበረታ እንደሆነ እንጂ ሐኪም አይጠራም። መጠጥ ሰውነትን ቫይታሚን ቢ1 ያሳጣልና ጾሙም በዚያ ሳምንት ይጎዳዎታል። የምፈራውን ልጻፈው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ብቻዎን እንዳይሞቱብኝ ነው።

ቀድሞ በጉባኤ በተጸለየልዎ ጊዜም እንዲሁ ነበር። አገልጋዮቹ ወደ መድረክ ጠርተው ጸለዩልዎ፣ ነጻ ወጥቻለሁ ብለው መሰከሩ፣ ጉባኤው አጨበጨበ፤ በማግስቱም መድኃኒት መዋጥ አለማመን ነው ተብለው ኪኒኑን ጣሉት። መጠጡ ሲመለስ ጠርሙሱን በፎጣ ጠቅልለው ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጀርባ ማኖር ጀመሩ፤ እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ባገኘችው ቁጥር በነበረበት ትመልሰው ነበር። የጉባኤው ሰዎች በቤትሽ ምን ኃጢአት ተሸሽጎ ነው ብለው የጠየቁትም እርሷን ነው። መጠጥዎን ይቅር ካልሁ ቆይቻለሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ፣ የዳነ ሰው ቤት ነው ተብሎ ስለ ተመሰከረ፣ ከመካከላችን አንድም ሰው አፉን ከፍቶ እርዱን ማለት አለመቻሉ ነው። እርስዎም እንድንናገር አልፈቀዱልንም።

እግዚአብሔር እንደሚፈውስ አምናለሁ፤ ለእርስዎም ይህንኑ እለምናለሁ። ነገር ግን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ጌታ ዓይነ ስውሩን በመጀመሪያ ሲዳስሰው፣ ሰውዬው ሰዎችን እንደ ዛፍ ሲመላለሱ አያለሁ ብሎ እውነቱን ተናገረ። እምነት ጎደለህ ያለው አልነበረም፤ ጌታ እጁን ደግሞ ጫነበት እንጂ። አፍሮ አጥርቼ አያለሁ ቢል ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልሁ ብዙ ጊዜ አስባለሁ፤ ከእርስዎም ሆነ ከእኛ ይህን እውነት የጠየቀን ሰው አልነበረምና። ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 5 የታመመ ሰው ሽማግሌዎችን ይጥራ፣ እርስ በርሳችሁም ተናዘዙ ይላል እንጂ በሩን ይዝጋ አይልም። ይጸልዩ፤ የሚጸልዩልዎንም ይጥሩ፤ ሐኪሙም በዚያው ሳምንት አጠገብዎ ይሁን። የመንቀጥቀጡን መድኃኒት መጠኑን በየቀኑ እየቀነሰ ይሰጥዎታል፤ ቫይታሚኑንም በመርፌ ይወጋዎታል። በኋላም ከመጠጥ የተላቀቀ፣ ድካሙን ሳያፍር የሚነግርዎ ምእመን ጓደኛ ያሻዎታል።

ወንድሜ ሐሙስ ጠዋት መጥቶ ወደ ሐኪም ይወስድዎታል። በቀን የሚጠጡትን ልክ ለሐኪሙ ሳይቀንሱ ይንገሩት፤ የደም ግፊት ኪኒንዎንም ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ ሳያይዎ መጠጡን በአንድ ጊዜ አያቋርጡ። እጅዎ መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ ወይም ግራ ካጋባዎ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ወንድሜን ይጥሩ፤ ለእኔም ይደውሉልኝ፤ ስልኬን አልዘጋም።

ልጅዎ