ዘይት የሚጥል መኪና ላላችሁ ደንበኞቻችን፦ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት

ውድ ደንበኞቻችን፣

«መኪናዬ ዘይት ይጥላል፤ ምን ልቀይር?» ሱቃችን ውስጥ ይህ ጥያቄ አይጠፋም። ብዙዎቻችሁ የምትነዱት በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠራውን ኮሮላ ነው፤ 4ኤ-ኤፍኢ ወይም 5ኤ-ኤፍኢ ሞተር ያለውን። ጋስኬት (በሁለት ክፍሎች መገጣጠሚያ መሃል ገብቶ ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገውን ዕቃ) ስትጠይቁን ወዲያው ከማውጣት ይልቅ «ከየት ነው የሚጥለው?» ብለን መልሰን የምንጠይቀው ለምን እንደሆነ ልናስረዳችሁ ወደድን። የማያስፈልግ ዕቃ ከገዛችሁ ብራችሁ ይባክናል፣ ዘይቱም መጣሉን አያቆምም።

ዘይት ቁልቁል ይወርዳል። መኪናው ሲሄድ ደግሞ ንፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ጠብታውን የምታዩበት ቦታና ዘይቱ የወጣበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ቆርቆሮ ጣሪያ ሲያፈስ ውሃው በማገሩ ተንሸራቶ ሌላ ክፍል ውስጥ እንደሚንጠባጠበው ነው። ኮፓው፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ ረጥቦ ስላያችሁ ብቻ የኮፓ ጋስኬት አትግዙ። ከሁሉም በላይ ያለውን እርጥብ ቦታ ፈልጉ።

መጀመሪያ ማታ መኪናው ሥር ንጹሕ ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት ጠብታው ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆነ ብዙ ጊዜ የሞተር ዘይት ነው። ቀላ ካለ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት ሊሆን ይችላል። ጎማ አካባቢ የሚታይ ፈሳሽ የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል መኪናውን ሳታስነሡ መካኒክ ጥሩ።

የሞተር ዘይት መሆኑን ካረጋገጣችሁ ሞተሩን አጽዱ። ይህን ሥራ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ እኛ ግን ግማሹ ጥገና ይኸው ነው እንላለን። ሞተሩ በደንብ ይቀዝቅዝ። የቀለም ብሩሽ በናፍጣ ነክራችሁ የተጋገረውን ቅባት አስለቅቁና በጨርቅ አድርቁት። ቤንዚን አትጠቀሙ፤ እሳት ያስነሣል። በውሃ ግፊት ማጠብም ዲስትሪቢዩተሩን (ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚያከፋፍለውን ዕቃ) ያረጥብና መኪናው አልነሣም ይላል። ከደረቀ በኋላ የተጠረጠረው ቦታ ላይ የሕፃን ፓውደር ነስንሱና ትንሽ ነድታችሁ ተመለሱ። ዘይቱ ፓውደሩ ላይ መንገዱን ያሳያችኋል።

አሮጌ ኮሮላ ላይ ቀዳሚው ተጠርጣሪ ቴስታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ የተከደነው ክዳን፣ ማለትም የቫልቭ ከቨሩ፣ ጋስኬት ነው። ጎማው ከዓመታት ሙቀት በኋላ እንደ ፕላስቲክ ይደርቃል። ዘይቱ ጭስ ማውጫው ላይ ሲወርድ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል። ካንዴላ ስትነቅሉ ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ካገኛችሁ የካንዴላ ቱቦ ጎማዎቹም አልቀዋል፤ ከጋስኬቱ ጋር አብራችሁ ቀይሯቸው። ይህን ሥራ እቤት መሥራት ይቻላል። አሮጌውን ጋስኬት አንሡ፣ የሚቀመጥበትን ቦይ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ አዲሱን በትክክል አስቀምጡ። ሲሊኮን የሚያስፈልገው ማዕዘኖቹ ላይ ብቻ ነው፤ ጠብታ ያህል። ዙሪያውን የቀባችሁት እንደሆነ ትርፉ እየተቆረሰ ወደ ኮፓው ይወርድና የዘይት ፓምፑን ማጥለያ ይዘጋል። የክዳኑ ብሎኖች የሚጠብቁበት ኃይልም ወደ 6 ኒውተን ሜትር ነው። በእጅ አንጓ ኃይል ብቻ፣ ተራ በተራ። አጥብቃችሁ ስትጠመዝዙት ክዳኑ ይጣመምና እንደገና ያፈሳል።

ሁለተኛው ዲስትሪቢዩተሩ ነው። ይህን በተለይ ልብ በሉልን። ዲስትሪቢዩተሩ ቴስታው ላይ በካምቢዮ በኩል ስለሚገኝ ኦሪንጉ ሲደርቅ ዘይቱ ሞተርና ካምቢዮ የሚጋጠሙበት ላይ ይወርዳል። ከሥር የሚያየው ሰው «የኋላ ኦይል ሲል ነው፣ ካምቢዮ ይውረድ» ይላል። ኦይል ሲል የሚሽከረከረው የሞተር ዘንግ ጫፍ ላይ ዘይት የሚያግድ ጎማ ነው። ካምቢዮ ማውረድ ትልቅ ወጪ ነው፤ ኦሪንግ ግን ትንሽ የጎማ ቀለበት ናት። ካምቢዮ ከማስወረዳችሁ በፊት ከላይ በባትሪ አብርታችሁ እዩ። ዲስትሪቢዩተሩን ከመንቀላችሁ በፊት የቆመበትን ቦታ፣ የውስጡን ሮተር (የሚሽከረከረውን ክፍል) አቅጣጫ ጭምር፣ ምልክት አድርጉበት። አለበለዚያ የሞተሩ ታይሚንግ፣ ማለትም ብልጭታው የሚሰጥበት ጊዜ፣ ይዛባል።

የዘይት ፊልትሮና የኮፓው ማፍሰሻ ብሎንም ይታዩ። ፊልትሮ ሲቀየር የአሮጌው ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ከታሰረ ዘይቱ በአንዴ ሊፈስ ይችላል። የማፍሰሻው ብሎን ቀለበት ደግሞ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ቢለወጥ ጥሩ ነው።

አዲስ ጋስኬት ገብቶ መልሶ ካፈሰሰ ፒሲቪ የሚባለውን ትንሽ ቫልቭ ፈትሹ። ሞተሩ የሚተነፍሰው በእሱ ነው። ከተዘጋ ውስጥ ያለው ግፊት ዘይቱን በየጋስኬቱ ይገፋዋል። ነቅላችሁ ስትነቀንቁት ካልተንኳኳ ይቀየር።

«ዘይት ማፍሰስ ያቆማል» ተብሎ የሚሸጠውን መድኃኒት የምትጠይቁን አላችሁ። የደረቀን ጎማ ለጊዜው ሊያሳብጥ ይችላል፤ የተቀደደ ጋስኬት ግን አይጠግንም። ስለዚህ አንመክረውም።

በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር በፍጹም አትግቡ። አስተማማኝ የብረት መቆሚያ ከሌላችሁ ከላይ የሚሠራውን ብቻ ሠርታችሁ የሥሩን ለጋራዥ ተዉት። የፊትና የኋላ ኦይል ሲልም የጋራዥ ሥራ ነው። ያፈሰሳችሁትን ዘይት ወደ ቦይ አትድፉት፤ በጀሪካን ይዛችሁ ጋራዥ ስጡ።

ጥገናው እስኪያልቅ ድረስ መለኪያ ዘንጉን ቶሎ ቶሎ እዩ። እነዚህ ሞተሮች የሚይዙት ወደ 3 ሊትር ዘይት ብቻ ነው፤ አንድ ሊትር ጎደለ ማለት ሲሶው ሄደ ማለት ነው። የዘይት መብራት በርቶ ከሆነ ሞተሩን ወዲያው አጥፉ።

ዕቃ ልትገዙ ስትመጡ ሊብሬውን ወይም ፎቶውን ያዙ። የሞተሩን ዓይነት ካላወቅን የ4ኤ-ኤፍኢውን ጋስኬት ለሌላ ሞተር ልንሰጣችሁ እንችላለን። ፓውደሩ የረጠበበትን ቦታም በስልካችሁ አንሥታችሁ አሳዩን፤ አብረን እናየዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የመለዋወጫ ሱቃችሁ ሠራተኞች