የቆመ ፓምፕ ከመጣላችሁ በፊት

ሰላም የአዳማ ዓሣ አርቢዎች! መብራት ሄዶ ሲመጣ የዓሣ ገንዳችሁ የውሃ ፓምፕ አልነሳ ያላችሁ፣ እባካችሁ አትጣሉት። መጀመሪያ አዳምጡት። እያጉረመረመ የማይዞር ከሆነ ሞተሩ ላይቃጠል ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜ የያዘው ቆሻሻ ወይም ነጭ የካልሲየም ቅርፊት ነው። ጭጭ ካለ ሶኬቱንና ገመዱን እዩ።

አሁን ሶኬቱን ንቀሉ። እጅ ውሃ ውስጥ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፣ በዚህ ድርድር የለም! የፊት ክዳኑን ክፈቱና ማግኔት ያለውን ተሽከርካሪ (እየዞረ ውሃውን የሚገፋውን ክፍል) ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ መሃሉ ያለችው ዘንግ ብዙ ጊዜ ሴራሚክ ስለሆነች በጉጠት ከታገላችኋት ትሰበራለች። አልወጣ ካለ አቼቶና ለብ ያለ ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ ለጥቂት ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ከዚያ የማግኔቱን ጉድጓድ ጭምር በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉና በደንብ አለቅልቁ። ሳሙናና ግሪስ በፍጹም፣ ዓሣዎቹን ይጎዳል። ደግሞም የሚያለሰልሰው ውሃው ራሱ ስለሆነ ፓምፑን በደረቁ አታስነሱት።

ማግኔቱ አብጦ ወይም ተሰንጥቆ ከሆነ ግን ማጽዳቱ ዋጋ የለውም፣ ተሽከርካሪውን ቀይሩ።

እስክትጨርሱ ዓሣዎቹን አትርሱ። የሞቀ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ትንሽ ነው፣ የአዳማን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። የአየር ፓምፕ የሌላችሁ ውሃውን በጆግ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱት። ትርፍ ተሽከርካሪ ያላችሁ ሞዴሉን እዚህ ጻፉልን።