ማስተማሩን ከሕክምናው ጋር ለምትይዢው ልጄ

ውድ ልጄ፣

የመምህርነቱ ቦታ እንደተሰጠሽ ስሰማ ደስ አለኝ። ከመፈረምሽ በፊት ግን አንድ ነገር ጨርሺ። ሆስፒታሉም ዩኒቨርሲቲውም ሙሉ ሠራተኛ አድርገው ነው የሚቆጥሩሽ፤ አንዱ የጫነብሽን ሌላው አያየውም። ስለዚህ ራውንዱን (አልጋ ላይ ያሉትን ታማሚዎች እየዞርሽ የምታዪበትን)፣ ተመላላሽ ክፍሉን፣ ተረኝነቱን፣ ሌክቸሩንና የዝግጅት ሰዓቱን በአንድ ወረቀት ላይ አውጪና ሁለቱም ኃላፊዎች ይፈርሙበት። ያልተጻፈ የዝግጅት ሰዓት ከእንቅልፍሽ ይቆረጣል። አዳር ተረኛ በሆንሽ ማግስት ሌክቸር አትቀበዪ፤ በዚህ አትደራደሪ።

ዋናው ማስተማር ያለው አልጋ አጠገብ ነው። ተማሪሽ እግሩ ያበጠ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ታማሚ አይታ ስትመጣ መልሱን አትንገሪያት። «ምን ይመስልሻል?» ብለሽ ጠብቂ። ዝምታው ይከብዳል፣ ቢሆንም ታገሺ። «የልብ ድካም» ካለች «ከምን ተነስተሽ?» በያት። ሲተኛ ትንፋሽ ስለሚያጥረው በሦስት ትራስ እንደሚተኛ ጠይቃ፣ የአንገቱን ደም ሥር ግን ካላየች አብራችሁ ሂዱ። የአልጋውን ራስጌ ወደ 45 ዲግሪ አንሺው፤ የደም ሥሩ ምት ከደረት አጥንቱ ማዕዘን በላይ፣ ቀጥታ ወደ ላይ ሲለካ ከ3 ሴንቲሜትር ካለፈ የደም ሥሩ ግፊት ከፍ ብሏል፤ ይህም የልብ ድካምን ይደግፋል። ካላለፈስ? እብጠቱ ከሌላ ቦታ ይሆን? ኩላሊቱስ፣ ሽንቱ ፕሮቲን አለው? ጉበቱስ? ከዚያ አንድ ደንብ ብቻ ስጫት፦ እግሩ ያበጠ ሁሉ የልብ ሕመምተኛ አይደለም። በትክክል የሠራችውን ለይተሽ ንገሪያት፤ የሳተችውን ከታማሚው ዞር ብላችሁ አርሚያት። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመው ባለ አምስት እርምጃ የማስተማር ዘዴ ይኸው ነው፤ ሲለመድ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

ተመላላሽ ክፍል ሲጨናነቅ ሐኪሙ ቸኩሎ መልሱን ራሱ ይናገራል፤ ተማሪዋ ቻርት ጸሐፊ ሆና ትቀራለች። መውጫው እንዲህ ነው፦ የታማሚውን ፈቃድ ጠይቂ፣ እሷም ተማሪ መሆኗን ትንገረው። እሷ አንዱን ስታይ አንቺ ሁለት ሌሎች ጨርሺ፣ ከዚያ እሷና ታማሚው ወዳሉበት ግቢ። ተማሪ በሚኖርበት ቀን ሁለት ቀጠሮ ቀንሺ፤ ይህንንም በዚያው ወረቀት ላይ አስገቢው።

የተግባር ፈተና ስታወጪ የነጥብ መስጫ ዝርዝሩን ቀድመሽ ከሌላ ሐኪም ጋር ሞክሪው። ለአንድ ተማሪ የተራራቀ ነጥብ ከሰጣችሁ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የዝርዝሩ አጻጻፍ ነው። «በደንብ መረመረ» የሚል መስመር ለአንዱ አንድ ነገር፣ ለሌላው ሌላ ነው፤ «ሳንባውን ከኋላ በሁለቱም ጎን አዳመጠ» ብለሽ ጻፊው።

ወረቀቱን ከመፈረምሽ በፊት ላኪልኝ፣ አብረን እንየው።

እናትሽ