ለልጄ፣ ስለ አዲሱ ሥራሽ

ልጄ፣

የፋብሪካችሁ ሠራተኛ ብክለትና ብክነት እንዲቀንስ እንዴት ይተባበራል ብለን በስልክ ጀምረን የተውነውን ወሬ በጽሑፍ ልጨርስልሽ። የፋብሪካውን የአካባቢ ጥበቃ ሥራ ላንቺ ማስረከባቸው ደስ ብሎኛል። ያቀድሽው የፖስተርና የስልጠና ብዛት ግን ትንሽ አሳስቦኛል። ፖስተር ጭራሽ አይጠቅምም አልልም፤ ግን ዕድሜዬን በጥገና ክፍል የፈጀሁ ሰው ነኝ፣ "መብራት አጥፉ" የሚል ወረቀት ተለጥፎ ትንሽ ከሰነበተ ዞር ብሎ የሚያየው እንደሌለ አውቃለሁ።

ሠራተኛው ብክለቱ ግድ የማይሰጠው እንዳይመስልሽ። ጭሱን የሚተነፍሰው እሱ ነው፣ ኬሚካሉ የሚልጠውም የሱን እጅ ነው። ሙሉ ፈረቃ ማሽን ላይ የሚቆም ሰው የትኛው ቧንቧ እንደሚያንጠባጥብ፣ የትኛው ሞተር ያለ ሥራ እንደሚዞር፣ ምን ያህል ጥሬ ዕቃ ወደ ቆሻሻ እንደሚሄድ ካንቺም፣ በብዙ ገንዘብ ከሚመጣው አማካሪም በላይ ያውቃል። ታዲያ ለምን ዝም ይላል? አንዴ ተናግሮ ስላየው ነዋ!

አየር አምቆ ለማሽኖቹ የሚልከውን የኮምፕረሰሩን ነገር ልንገርሽ። የአየር መስመሩ በደንብ ካልተያዘ፣ ኮምፕረሰሩ ከሚያመርተው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶው በየቀዳዳው ሊባክን ይችላል። አየሩን ለማመቅ የወጣው ኤሌክትሪክም አብሮ ይሄዳል። ማሽኖቹ ምሳ ሰዓት ላይ ሲቆሙ ጆሮሽን ብትሰጪ ፉጨቱን ትሰሚዋለሽ። ኦፕሬተሩማ በየቀኑ ይሰማዋል። አንድ ቀን መገጣጠሚያው ላይ ቢጫ ካርድ ያስራል፣ ቀኑን ይጽፍበታል፣ ለፎርማኑም ይናገራል። ከዚያ ካርዱ አቧራ ይለብሳል፣ ዘይት ይነካዋል፣ ጽሑፉ ይደበዝዛል፣ አየሩ ግን ማፏጨቱን አይተውም። በዚያ የሚያልፍ ሠራተኛ ሁሉ ካርዱን ያየዋል፣ እዚህ ቤት መናገር ዋጋ እንደሌለውም ይገባዋል። ከዚያ በኋላ አዳራሽ ሰብስበሽ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ስትናገሪ ጆሮ ዳባ ልበስ ቢልሽ አትፍረጂበት።

ስለዚህ ከስልጠናው በፊት ከጥገና ክፍል ጋር ተነጋገሪ። ሠራተኛ የጠቆመው ነገር በቀናት ውስጥ ይሠራ። የማይሠራ ከሆነም ምክንያቱ ለጠቆመው ሰው በግልጽ ይነገረው። ለዚህ የምትሆን ትንሽ በጀት ጠይቂ፣ ፊርማ በፊርማ ላይ የማትፈልግ።

ዳው ኬሚካል የሚባለው ኩባንያ በአሜሪካ ሉዊዚያና ባለው ፋብሪካው፣ ኬን ኔልሰን በሚባል መሐንዲስ መሪነት፣ ኃይል የሚቆጥቡና ብክነት የሚቀንሱ ሐሳቦችን በየዓመቱ ያወዳድር ነበር። በ1982 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) 27 ፕሮጀክቶች ተመረጡ፤ የወጣባቸውን ገንዘብ በአማካይ በዓመት 173 በመቶ የሚመልሱ ነበሩ። ቀላል ቀላሉ አለቀ ሲባል በቀጣዩ ዓመት 32 ተመረጡ፣ አማካዩም ወደ 340 በመቶ ወጣ። ውድድሩ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ቀጥሏል። ሐሳቡ የመጣው እዚያው ከሚሠሩት ሰዎች ነው።

ቦነስ ያስፈልጋል ወይ ብለሽኝ ነበር። የቨርጂን አትላንቲክ አየር መንገድን ሙከራ እዪው። በ2014 (ይህም በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በ335 ካፒቴኖች ላይ ነው የተሠራው። ለአንዳንዶቹ የነዳጅ አጠቃቀማቸው እየተጠና መሆኑ ብቻ ተነገራቸው። ለሌሎቹ የየራሳቸው ውጤት በየወሩ ተላከላቸው። ለሌሎቹ ደግሞ ግብ ተሰጣቸው፣ ከነሱም ለከፊሎቹ ግቡን ሲመቱ በስማቸው ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ይሰጥ ነበር። እየተጠና መሆኑን ማወቃቸው ብቻ አሠራራቸውን ለወጠው። የተሰጣቸው ግብ ደግሞ የበለጠ ሠራ። የበጎ አድራጎቱ ገንዘብ ግን በነዳጅ ቁጠባው ላይ ያን ያህል የጨመረው ነገር የለም።

እኔ ከዚህ የምወስደው፣ ለሰው የራሱን ሥራ ቁጥር ስጪው የሚለውን ነው። የድርጅቱ ዓመታዊ የካርቦን ልቀት ለአንድ በያጅ ምኑም አይደለም። የሱ ክፍል በዚህ ሳምንት ስንት ኪሎ ብረት እንደጣለ ግን ይገባዋል። ለየክፍሉ ቆጣሪ አስገቢ። ብቻ ቁጥሩ መቅጫ እንዳይሆን አደራ! ያን ቀን ተረፈ ምርቱ ማታ ማታ ሳይመዘን መውጣት ይጀምራል።

ገንዘቡንም አልጠላም። ድርጅቱ ተጠቅሞ ሠራተኛው ምንም ካላየ "ለማን ብዬ?" ይላል፣ ደግሞም እውነቱን ነው። የምትሰጡ ከሆነ ግን ለቡድኑ ስጡ፤ ለአንድ ሰው ከሆነ ሁሉም ሐሳቡን ከጓደኛው ይደብቃል።

አንዱ ከባድ ነገር ፎርማኑ ነው። የሚገመገመው በምርት ብዛት ብቻ ከሆነ፣ ቀዳዳ ለመድፈን ብሎ ማሽን የሚያቆምበት ምን ምክንያት አለው? ግምገማው ውስጥ ብክነትም እንዲገባ ሥራ አስኪያጁን ለምኚ፣ ጨቅጭቂው ካስፈለገም። እግረ መንገድሽን የሱም ሹፌር በር ላይ ሞተር አስነስቶ መጠበቁን እንዲተው ንገሪው፤ ሠራተኛው ከፖስተሩ ይልቅ እሱን ነው የሚያየው።

አይኤስኦ 14001 የሚባለውን ዓለም አቀፍ የአካባቢ አያያዝ ደረጃ በተመለከተ ብዙ አልልም። ጥሩ ሥርዓት ነው፣ ግን ኦዲተር ሲመጣ ሠራተኛውን ፖሊሲ ማስሸምደድ ከጀመራችሁ ለይስሙላ ሆነ ማለት ነው።

ሌሊት ፈረቃ ያሉትን ደግሞ እንዳትረሺ፣ ስብሰባም ስልጠናም አይደርሳቸውም። አንድ ሌሊት አብረሻቸው አምሺ፣ ምን እንደሚባክን ጠይቂና ጻፊ። ከመሄድሽ በፊት ግን ለፎርማናቸው ንገሪው፣ ሰላይ የተላከበት እንዳይመስለው።

አባትሽ