ስም ስለማይጻፍበት የጥያቄ ሰሌዳችን

ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ በቤተ መጻሕፍታችን ስላለው የጥያቄ ሰሌዳ

ውድ ወላጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ማክሰኞ ዕለት አንድ አባት ቢሮዬ መጡ። ከወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ያገኙትን ፎቶ በስልካቸው አሳዩኝ። ፎቶው ላይ ቤተ መጻሕፍታችን ሰሌዳ ላይ የተለጠፈች ቁራጭ ወረቀት ትታያለች። «የ12ኛ ክፍል ፈተና ብወድቅ ለቤተሰቤ እንዴት ብዬ ነው የምነግራቸው?» ትላለች።

«ይቺ የልጄ እጅ ጽሑፍ ትመስለኛለች። እውነቱን ንገሩኝ» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔ አባቷ እያለሁላት ግድግዳ ትጠይቃለች?»

የማን ጽሑፍ እንደሆነ አላውቅም። ባውቅም እንደማልነግራቸው ገለጽኩላቸው። ተከፍተው ነው የሄዱት። እኔም ሌሊቱን ስለ እሳቸው ሳስብ አደርኩ። በዚህ ሳምንት ሌሎቻችሁም ስለ ሰሌዳው ደጋግማችሁ ስለደወላችሁ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ ወደድኩ።

ሐሳቡን ያመጣችው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛችን ናት። አሜሪካ ውስጥ ቦስተን ኮሌጅ የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ። ኦኒል በሚባለው ቤተ መጻሕፍቱ ተማሪዎች የፈለጉትን ጥያቄ ስማቸውን ሳይጽፉ ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ። ስለ ትምህርት ይሁን፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ናፍቆት ወይም ስለ ምግብ፣ ግድግዳው ይመልሳል። መላሹም በስሙ አይፈርምም። ግድግዳው ራሱ የሚናገር ይመስል «እኔ ግድግዳው» እያለ ነው የሚጽፈው። መልሱ ውስጥ ብዙ ጊዜ አንድ መጽሐፍ ይጠቁማል፤ ነገሩ ከበድ ካለ ደግሞ ሊያናግሩት የሚገባውን ሰው ያሳያል።

ይህ ለቤተ መጻሕፍት እንግዳ ሥራ አይደለም። እዚያው ማሳቹሴትስ ውስጥ ሳሙኤል ግሪን የተባለ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በ1876 እ.ኤ.አ. ባለሙያው መጽሐፍ ማውጣት ብቻ ሳይሆን የአንባቢን ጥያቄ ማስተናገድም እንዳለበት ጽፏል። የኒውዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስልክ ለሚመጣ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ሰው የማያውቀውን ይዞ የሚሄድበት ቤት ነው ቤተ መጻሕፍት።

የእኛ ሰሌዳ በመስከረም መጨረሻ ሲጀመር ያስፈለገው ጥቂት ነገር ነው። አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ሰሌዳ፣ አፉ በምላጭ የተቀደደ የጫማ ካርቶን፣ ከአራት የተቆራረጠ ወረቀትና በሲባጎ የታሰረ እስክሪብቶ። ካርቶኑ በየቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይከፈታል። መልሱን የሚጽፉት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛችን፣ ነርሷ፣ የምክር አገልግሎት መምህራችንና ሁለት መምህራን ናቸው።

መጀመሪያ የመጡት ቀላል ነበሩ። «ጳጉሜን ለምን አንዳንዴ 6 ቀን ትሆናለች?» የሚል ነበር። ሰሌዳው አሥራ ሁለቱ ወራት 30 ቀን እንደሆኑ፣ የተረፈው ለጳጉሜን እንደሚሄድ፣ በየአራት ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ አንድ ቀን እንደሚጨመር፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም እንዲሁ እንደነበር መለሰ። በማግስቱ «ታዲያ ጳጉሜን 6 የተወለደ ሰው ልደቱን መቼ ነው የሚያከብረው?» የሚል መጣ። ሦስት ልጆች በየፊናቸው «ይህኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» እያሉ ሲኮሩ ሰምቻለሁ።

ቆይቶ ሌላ ዓይነት ጥያቄ መጣ። «የወር አበባ ሲመጣ ከትምህርት ቤት መቅረት አለብኝ?» የሚል። ይህ በአደባባይ መለጠፉ ያልተዋጠላችሁ ወላጆች አላችሁ፤ ስሜታችሁ ይገባኛል። መልሱን ግን እንዳለ ላስነብባችሁ። «የለብሽም። ነርሷ ክፍል፣ ከበሩ በስተቀኝ ካለው ጠረጴዛ ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ሞዴስ አለ። ምንም ማስረዳት አይጠበቅብሽም፤ ‹መሳቢያው› ካልሽ ይበቃል። ካመመሽም እዚያው ጋደም ማለት ትችያለሽ።» ከዚያ ሳምንት ወዲህ መሳቢያው ሁለት ጊዜ ተሞልቷል። ከዚያ በፊት ስንት ልጅ ሆዷን ይዛ እቤት እንደቀረች ሳስብ ያመኛል። ያንን ጥያቄ በስሟ እንድትጠይቅ ብናስገድዳት ኖሮ አንዷም አትጠይቅም ነበር።

አንዱን ጥያቄ እዚህ አልገለብጠውም። ውጭ አገር ስላለች እናት ነው። አራት ቃል ብቻ ነው። መልሱን ለመጻፍ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛችን ሁለት ቀን ፈጅቶባታል።

አሁን ወደዚያ አባት ጥያቄ ልመለስ። ልጆቻችሁ ፈተናውን የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ። ይህን ቁጥር ልጆቹ ከእኔና ከእናንተ በላይ በቃላቸው ያውቁታል። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህም ብዙዎች ቤታቸውን ለቀው፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ ስልክ ሳይዙ ነው የተፈተኑት። እንዲህ ያለ ጭንቀት ያለባት ልጅ አባቷን ስለማትወድ አይደለም ግድግዳ የምትጠይቀው። የአባቷን ፊት ማየት ስለምትፈራ ነው። እንዲያዝኑባት አትፈልግም። በጣም የምንወደው ሰው ፊት ነው አፋችን የሚተሳሰረው፤ እኔም በልጅነቴ እንደዚያው ነበርኩ።

ሰሌዳው ለእሷ ምን አላት? ቁጥሩን ሳይደብቅ ነገራት። ለዩኒቨርሲቲ ያላለፉ ግን የተሻለ ውጤት ያላቸው ልጆች ሪሚዲያል በሚባለው የማካካሻ ትምህርት የሚገቡበት መንገድ እንዳለ፣ ቴክኒክና ሙያም እንዳለ ጻፈላት። ከዚያ እንዲህ አላት፦ «ዛሬ ማታ ስለ ውጤት አታውሪ። ‹ፈተናው እያስፈራኝ ነው› በይ ብቻ። ፈተናው ገና ነው፤ ፍርሃቱ ግን አሁን ነው ያለው። እሱን መስማት ይችላሉ።» እኚያ አባት ያዩት ፎቶ ላይ የነበረው ጥያቄው ብቻ ነው። ከሥሩ ያለውን መልስ አላዩትም። ሐሙስ ደውዬ አነበብኩላቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እሺ» ብለው ስልኩን ዘጉ።

እኛም ያጠፋነው አለ። ቦስተን ኮሌጅ በሺህ የሚቆጠር ተማሪ ስላለው የአንዱን እጅ ጽሑፍ ማንም አይለየውም። እዚህ ግን የክፍል ጓደኛም፣ መምህርም፣ እናትም የልጁን «ሀ» ከሩቅ ያውቃሉ። ልጆቹ የጻፉትን ወረቀት ራሱን መለጠፋችን ስሕተት ነበር። ለዚህ ልጆቹንም እናንተንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከሰኞ ጀምሮ እያንዳንዱ ጥያቄ በኮምፒውተር ተተይቦ ነው የሚለጠፈው፤ ዋናው ወረቀት የዚያኑ ዕለት ይቀደዳል።

የማንለጥፋቸውም አሉ። ሰውን በስም የሚያነሳ ወይም የሚሳደብ ወረቀት አይለጠፍም። የቤት ሥራ ከሆነ መልሱን ሳይሆን የመጽሐፉን ገጽ እንጠቁማለን። የእምነት ጥያቄ ሲመጣ ወደ እናንተ፣ ወደ ንስሐ አባታቸው ወይም ወደ ሼኻቸው እንመራቸዋለን፤ በዚያ ቦታ ላይ መግባት የእኛ ድርሻ አይደለም።

አንድ ነገር ግን በግልጽ እወቁልኝ። ልጅ ራሱን ሊጎዳ እንደሆነ ወይም ሰው እየጎዳው እንደሆነ የሚናገር ወረቀት ከመጣ ስም አለመጻፉ አያስቆመንም። ወረቀቱ አይለጠፍም። እኔና የምክር አገልግሎት መምህራችን ወዲያውኑ ልጁን መፈለግ እንጀምራለን፤ አደጋው ከቤት ካልሆነ በስተቀር ለወላጁ በዚያው ሰዓት እንደውላለን። ይህን ልጆቹም ያውቁታል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ ተጽፏል።

ከእናንተ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። የሰሌዳውን ፎቶ በቴሌግራም አታዟዙሩት። ልጃችሁንም «ምን ጠየቅክ? የትኛው ነው ያንቺ?» ብላችሁ አታፋጥጡ። አንድ ልጅ አንድ ቀን ቤት ውስጥ ከተመረመረ በማግስቱ ካርቶኑ ባዶ ይሆናል። ጥያቄው ግን አይጠፋም፤ የሰፈር ጓደኛ ይመልሰዋል፣ ወይም ቲክቶክ።

ልጃችሁ ማታ ሳህን እያጠበ ወይም ታክሲ ውስጥ ድንገት የሆነ ነገር ቢጠይቃችሁ ደግሞ ቶሎ አትደንግጡ። «ይህን ማን ነገረህ?» ከማለታችሁ በፊት መልሱለት። ካላወቃችሁት «አላውቅም፣ አብረን እንፈልግ» በሉት። የእኛ ሰሌዳም ብዙ ጊዜ የሚለው ይህንኑ ነው።

ቅዳሜ ኅዳር 28 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የወላጆች ስብሰባ አለን። ያን ዕለት ቤተ መጻሕፍቱ ክፍት ነው፤ ሰሌዳውን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ከልጆቹ ካርቶን ጎን ለእናንተ ሌላ ካርቶን እናስቀምጣለን። ስለ ልጃችሁ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ወይም ስለ እኔ አሠራር ፊት ለፊት ለመናገር የከበዳችሁን ጻፉበት። መልሱ በሳምንቱ ሰሌዳው ላይ ይወጣል። ወረቀቱና እስክሪብቶው እዚያው አለ፤ ስም አይጻፍበትም።

ከአክብሮት ጋር፣

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር